«ምሳችንን በልተን ጉዟችንን ቀጠልን»

በ2007 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ አንድ ወጣት ጸሐፊ ወፍራም ደብተር ይዞ ቤቴ መጣ። «ጋሼ፣ የጉዞ ማስታወሻ ነው፤ አንብበው እውነቱን ይንገሩኝ» ብሎኝ የቀረበለትን ሻይ እንኳ ሳይጨርስ ሄደ። ደብተሩ ከአዲስ አበባ እስከ መቀሌ በአውቶቡስ ያደረገውን ጉዞ የሚተርክ ነው። እኔም እንደ ልማዴ እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። የእጅ ጽሕፈቱ ያምራል። አማርኛውም አይጎረብጥም። ተራራው፣ ገደሉ፣ ጭጋጉ ሁሉም በየቦታው አለ። ገጽ እየገለጥኩ ስሄድ ግን አንድ ዓረፍተ ነገር ደጋግሞ ብቅ ይልብኝ ጀመር። ደብረ ብርሃን ላይ «ቁርሳችንን በልተን ጉዟችንን ቀጠልን» ይላል። ከሚሴ ላይ «ምሳችንን በልተን ጉዟችንን ቀጠልን» ይላል። ደሴ ላይ ራት በልተው ያርፋሉ፤ ወልድያ ላይ ደግሞ ቁርስ በልተው ይነሣሉ። በእርሳስ እያሰመርኩ ቆጠርኩና ሰባተኛው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። ሰባተኛው እንዲህ ይላል፤ «ኮረም ምሳችንን በልተን ጉዟችንን ቀጠልን።»

ኮረም ላይ!

ለማያስታውስ አንባቢ ላስታውስ። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ቢቢሲ ቴሌቪዥን ያስተላለፈው የማይክል በርክ ዘገባና የመሐመድ አሚን ፊልም የተቀረጸው በዚችው በኮረም ነው። ጎሕ ሲቀድ በብርድ ሜዳ ላይ ተኮራምቶ የሚታየውን ያን ሁሉ ሕዝብ ዓለም ያየው ያን ዕለት ነው። ስለ ምግብ ሲነሣ እንደ ኮረም ዝም የሚያሰኝ የቦታ ስም በአገራችን ካርታ ላይ ብዙ አይገኝም። ልጁ ግን እዚያ ምሳውን በላና ጉዞውን ቀጠለ። ምን በላ? ማን አቀረበለት? ከማን ጋር ቀረበ? ስንት ከፈለ? መልስ የለም።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው በልጁ ላይ ለመፍረድ አይደለም። ይህች ዓረፍተ ነገር የእሱ ብቻ ብትሆን ኖሮ በእርሳስ ሰርዤ በተውኳት ነበር። ነገር ግን በጋዜጣ ዓምድ ላይ የሚወጡትን የጉዞ ማስታወሻዎቻችንን የተከታተለ አንባቢ በደንብ ያውቃታል። ትኬት ሳትቆርጥ እንደምትሳፈር የረዳቱ ዘመድ ከጽሑፍ ወደ ጽሑፍ በነጻ ትጓዛለች። ጸሐፊው ተራራውን በሦስት ገጽ፣ ቤተ ክርስቲያኑን በአራት ገጽ ይገልጽልናል። ከሰው ጋር ፊት ለፊት የሚቀመጥበትን፣ እጁን ታጥቦ ከማያውቀው ሰው ማዕድ የሚቀርብበትን ያን አንድ ሰዓት ግን በአራት ቃል ይዘልለዋል።

ለምን? የመጀመሪያው መልሴ አስተዳደጋችን ነው የሚል ነበር። ስለ መብል ማውራት በእኛ ዘንድ ነውር ነው። እንግዳ ቤት የበላውን እየዘረዘረ የሚያወራ ልጅ «ሆዳም» ተብሎ ይቆነጠጣል። የሚገርመው ግን ቋንቋችን ራሱ ከመብል ውጪ መናገር የማይችል መሆኑ ነው። ሥራ የምንለውን እንጀራ እንለዋለን። ከአገር የሚሰደደው እንጀራ ፍለጋ ነው። ባልና ሚስት ሲለያዩ እህል ውኃቸው አለቀ ይባላል። የታመመ ሰው የዳነ መሆኑ የሚታወቀው እህል ሲቀምስ ነው። ይህን ሁሉ በአፋችን የምንናገር ሰዎች ብዕር ስንይዝ አፋችንን እንጠርጋለን።

ስለዚህም ስለ ማዕዳችን የሚጻፈውን ለባዕድ ትተንለታል። እ.ኤ.አ. ከ1520 እስከ 1526 በአገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ በ1540 በታተመው መጽሐፉ በየደረሰበት የቀረበለትን ምግብ ሳይቀር መዝግቧል። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ከቁም ከብት ሥጋ ተቆርጦ ሲበላ አየሁ ብሎ ጽፎ የገዛ አገሩ ሰዎች ቀጣፊ አሉት። እውነቱን ይሁን ሐሰቱን፣ ስለ ማዕዳችን የተጻፈው ወሬ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የተወራው በሌላ ሰው አፍ ነው። የእኛ ሰው መልስ ሊሰጥ ቢፈልግ በምን ይሰጣል? «ምሳችንን በልተን ጉዟችንን ቀጠልን» በሚል?

እንዲያው ለነገሩ በአገራችን መንገድን በመብል የሚያውቅ ተጓዥ ጠፍቶ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ነበረ። ለምዱን ደርቦ፣ አኮፋዳውን አንግቶ፣ ውሻ እየመከተ ከደጅ ደጅ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል የኖረው ተማሪ የትኛው መንደር ቸር፣ የትኛው ንፉግ እንደሆነ ያውቃል። የትኛዋ እናት ትኩስ እንጀራ፣ የትኛዋ የደረቀ ቁራሽ እንደምትሰጥ ያውቃል። ካርታው በሆዱ ውስጥ ነው። ከእነዚህ ተማሪዎች መካከል ብዙዎቹ ኋላ ታላላቅ ጸሐፍት ሆነዋል። የዚያን ካርታ ግን በወጉ ወረቀት ላይ ያሰፈረው ጥቂት ነው። ከቅኔው ጋር ቁራሹም አብሮ ቢጻፍልን ኖሮ ዛሬ ይህን ባልተቸገርኩ።

ወደ ፍሬ ነገሩ ልግባ። የልጁን ደብተር ወንበሬ ላይ ተቀምጬ ልተቸው ፈለግሁና ኅሊናዬ እምቢ አለኝ። መንገዱን ካየሁት ቆይቻለሁ። ስለዚህ ኅዳር 21 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ ደብተሩን በቦርሳዬ ይዤ በአገር አቋራጭ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ከእሱ ጋር የራሴንም አሮጌ የጉዞ ደብተር ጨመርኩ። እንዴት እንደሚጻፍ ላሳየው ነበር ሐሳቤ። ስለዚህ ትዕቢት ኋላ እመለስበታለሁ።

ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ረዳቱ «ለቁርስ ሃያ ደቂቃ!» ብሎ ጮኸ፤ ሁላችንም እየተንቀጠቀጥን ወረድን። እዚህ ላይ የአገር አቋራጭ ጉዞን የመጀመሪያ ሕግ ለአንባቢ ልናገር። የምትበላበትን ቤት የምትመርጠው አንተ አይደለህም፤ ሾፌሩ ነው። ሾፌሩና ረዳቱ ከመጋረጃ ጀርባ ገብተው ያለ ሒሳብ ይበላሉ፤ ስልሳ መንገደኛ ከመጋረጃው ፊት ለፊት ሒሳቡን ይከፍልላቸዋል። የቀረበው ፍርፍር አዲስ አበባ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ከሚቀርበው ፍርፍር በምንም አይለይም። አንድ ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ቢበላው ከቤቱ የወጣ አይመስለውም። ሃያ ደቂቃው ሳያልቅ ከአስፋልቱ ሁለት መቶ እርምጃ ያህል ገባ አልኩ። አንዲት ሴት ከትልቅ ድስት የባቄላ ንፍሮ በሳህን እያወጣች ለቀን ሠራተኞች ትሸጣለች። እንፋሎቱ ፊቷን ይሸፍናታል። ደብረ ብርሃን የገብስና የባቄላ አገር ነው፤ ያለፍነው ሸኖ ደግሞ በለጋ ቅቤው የታወቀ ነው። ይህ ሁሉ ከመንገዱ ሁለት መቶ እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። ስለዚህ ልጁ ደብረ ብርሃን ላይ የጻፈው ነገር ስለጠፋው አልፈረድኩበትም። በሾፌሩ ቤት የበላ ሰው የሚጽፈው የሾፌሩን ቤት ነው።

ከዚያ ጣርማ በር ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ አንዱን አገር ትተን ወደ ሌላው አገር ገባን። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ከሆነው ደጋ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ስንጠማዘዝ ካፖርት ያወልቅ የነበረ ሁሉ ዐይኑ ወደ መስኮት ነው። ቆሎ ሻጮች ደርሰዋል። ልጁ እዚህ ላይ ከለመደው ወጥቶ አንድ ቃል ጨምሯል፤ «ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮች መንገደኛውን ያስቸግራሉ» ይላል።

ይህን «ያስቸግራሉ» የሚል ግሥ ይዤ በመስኮት ተመለከትኩ። ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆናት ልጅ ናት። ገብሱ ከሽምብራና ከሱፍ ጋር ተቀላቅሎ በሰፌድ ላይ ተቆልሏል፤ መስፈሪያዋ የሻይ ብርጭቆ ነው። «ጋሼ፣ ቅመሱት፤ ካልጣማችሁ አትከፍሉም» አለችና በእጇ ዘግና ሰጠችኝ። ሁለት ብርጭቆ ሰፍራ በወረቀት ጠቀለለችልኝ። ዐሥር ብር አቀበልኳት። ይህን ጊዜ አውቶቡሱ ተንቀሳቀሰ። ልጅቷ ሰፌዱን ለእኅቷ ወርውራ ከመስኮቱ እኩል መሮጥ ጀመረች። አንድ እጇ መቀነቷ ውስጥ መልስ ይፈልጋል፤ አንድ እጇ ወደ እኔ ተዘርግቷል። «ተዪው፣ ይቅር!» እላታለሁ፤ አልሰማችኝም፤ ወይም ሰምታ አልተቀበለችኝም። መልሱን መዳፌ ላይ ጥላ ቆመች፤ ጉልበቷን ይዛ ስታለከልክ በኋላ መስኮት አየኋት። ያስቸገረችው ማንን ነው? እኔ እንደማየው አውቶቡሱ ነው እሷን ያስቸገራት። አንድ ጎበዝ ጸሐፊ ለአጭር ልብ ወለድ የሚፈልገው ሁሉ፣ ሰው፣ ችግር፣ ሩጫ፣ ክብር፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በመስኮት ገብቶ ወጥቷል።

ቆሎው ሌላም ነገር አስተማረኝ። አጠገቤ የተቀመጡት ወደ ከሚሴ የሚመለሱ አንድ ሽማግሌ ሼህ ነበሩ። ከቆሎዬ ዘገንኩላቸው፤ ምርቃት ጨምረው ተቀበሉኝ። ሸዋ ሮቢት ስንደርስ እሳቸው ሙዝ ገዝተው ለሁለታችን ላጡ። ከፊታችን ያለችው ጾመኛ ባልቴትም፣ ከኋላችን ያሉት ወታደሮችም ከዚያው ቆሎ በሉ። ከሮቢት አልፈን ሰንበቴ ስንደርስ የእሑድ ገበያው ቆሟል፤ አርጎባው፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው ግመሉንና ፍየሉን፣ ማሽላውንና ጨርቁን ይዞ ተገናኝቷል። አንድ ተሳፋሪ ጥንቅሽ ገዝቶ አገዳውን በየአንጓው እየሰበረ ለማያውቀው ሰው ሁሉ አደለ። አውቶቡሱ ውስጥ የተጀመረው ማኘክና መምጠጥ የአንድ ቤተሰብ ነበር የሚመስለው።

ከዚያ ከሚሴ ለምሳ ወረድንና ቤተሰቡ ተበተነ። የገና ጾም ከገባ ሳምንት ሆኖታል። ጾመኛው ሽሮውን አዝዞ ድስቱ ሥጋ ነክቶ እንደሆነ ይጠይቃል። ሼሁና ሌሎች ሙስሊሞች ጥብሱ ወዳለበት ጠረጴዛ ሄዱ። ሦስተኛ ጠረጴዛም ነበር፤ በክርስትና ስም ተጠርተው ጾሙን ያልያዙ፣ ሥጋም እንዳይበሉ ቤቱ የእነሱ ያልሆነ፣ እንቁላል አዝዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ጥቂት ሰዎች። ሼሁ ስንመለስ ጥርሳቸውን እየጎረጎሩ «ወንድሜ፣ ለካ ከቆሎ በቀር የሚያገናኘን የለም» ብለው ሳቁ።

ቀልድ ነበር። እኔ ግን ያን ቀልድ ከያዝኩት ደብተር ሁሉ ይልቅ የመንገዱን ምሥጢር የተናገረ ሂስ አድርጌ ወሰድኩት። በአገራችን መንገድ ዳር የሚሸጠው ቆሎ፣ ሙዝ፣ ጥንቅሽ፣ ንፍሮ ድሃ ስለሆንን ብቻ የተመረጠ አይደለም። ጾም የማያፈርስ፣ ቢላዋ የማይጠይቅ፣ የማንንም ሃይማኖት የማይነካ ምግብ ነው። ብዙ ዓይነት ሰው አንድ አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጦ ሳይቀያየም የሚቋደሰው ምን እንደሆነ መንገዱ ራሱ በብዙ ዘመን ልምድ መርጦታል። ይህን ያላየ የጉዞ ጸሐፊ ስለ መቻቻል ሦስት ገጽ ስብከት ይጽፋል፤ ቆሎውን ግን «ያስቸግራሉ» ብሎ ያልፈዋል።

ማታ ደሴ ገባን። በወሎ ቡና አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሳይሉ መነሣት የለም፤ እኔም በረካውን ጠጥቼ ወደ መኝታዬ ሄድኩና ለልጁ አርአያ ይሆናል ያልኩትን የራሴን ደብተር አወጣሁ። የጥር ወር 1977 ዓ.ም. ማስታወሻ ነው። ያኔ የመሥሪያ ቤታችን ሠራተኞች ለተራቡት ልብስና ብርድ ልብስ አዋጥተን አራት ሆነን እንድናደርስ ተልከን ነበር። ገጹን አገኘሁት። በራሴ የእጅ ጽሕፈት፣ በሰማያዊ ቀለም እንዲህ ይላል፤ «ኮምቦልቻ ምሳችንን በልተን ጉዟችንን ቀጠልን።»

መብራቱን አጥፍቼ ልተኛ ብሞክርም እንቅልፍ አልመጣም። ያን ምሳ አስታውሰዋለሁና ነው። ስሙን የማልጠራው ሆቴል ነበር። ጥብስ አዘዝን። ምግቡ ሲቀርብ አስተናጋጁ ወደ መስኮቱ ሄዶ መጋረጃውን ዘረጋ። ከመጋረጃው በፊት ከመስታወቱ ውጪ የነበሩትን ፊቶች አይቼ ነበር። ከመጋረጃው በኋላ ጥብሱ ብቻ ቀረ። በላሁ። እንዲያውም ጣፍጦኝ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለማንም ያልተናገርኩት ይህንን ነው፤ መብላቴን ሳይሆን መጣፈጡን። ማስታወሻዬን ስጽፍ ተራራውን ጻፍኩ፣ የመንገዱን ብልሽት ጻፍኩ፣ ያደረስነውን የብርድ ልብስ ብዛት ጻፍኩ። ምሳው ላይ ስደርስ እኔም እንደ አስተናጋጁ መጋረጃ ዘረጋሁ።

ይህ መንገድ እንዲህ ያለ መጋረጃ ሲያይ የመጀመሪያው አልነበረም። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. የወሎ ገበሬ በረኀብ ወደዚሁ አውራ ጎዳና ወርዶ የመኪና መንገደኛ ሲለምን ነበር። ዮናታን ዲምብልቢ ፊልሙን በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለእንግሊዝ ሕዝብ እስኪያሳይ ድረስ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ቆይቷል። ሕንዳዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ስለ ድህነትና ረኀብ በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ የወሎ ረኀብ መርምሮ አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አስቀምጧል። በረኀቡ ጊዜ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም ነበር። እንዲያውም ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው የራበው መንገድ ስለሌለ አልነበረም። መንገዱ ነበረ፤ እህሉ የሄደው ገንዘብ ወዳለበት ነው። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ መንገድ ላይ «በልተን ቀጠልን» ማለት ተራ ዓረፍተ ነገር ነውን? መብላትም መቀጠልም የሚችል ሰው ብቻ የሚጽፋት ዓረፍተ ነገር ናት ብዬ ያን ሌሊት ደመደምኩ። በዚህም ተሳስቼ ነበር፤ ስሕተቴን ያወቅሁት ግን ከተመለስኩ በኋላ ነው።

በማግሥቱ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ መርሳን አልፈን ወልድያ ላይ መኪና ቀየርኩ። የቆቦ ሜዳ ማሽላው ደርሶ ራሱን ደፍቷል፤ አጨዳ የጀመረም አለ። ከአላማጣ በግራት ካሕሱ ጠመዝማዛ ሽቅብ ስንወጣ አየሩ እንደገና በረደ። ኮረም ደረስን። ሾፌሩ የመረጠውን ቤት ትቼ ወደ ውስጥ ዘልቄ አንዲት በእኔ ዕድሜ የምትሆን ሴት የከፈተችው ጠባብ ቤት ገባሁ። ሽሮ በእንጀራ አቀረበችልኝ። ስለ 1977 ልጠይቃት አስቤ ነበር። አፌ አልታዘዝ አለኝ። እሷ ግን በየመካከሉ ብቅ እያለች «ይጨመር?» ትለኛለች። እንጀራ ጨመረች። ሽሮ ጨመረች። ሦስተኛ ስትመጣ «በቃኝ፣ እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት። «ምን በላህና! መንገደኛ አይደለህ?» አለችኝ። «ይጨመር?» የሚለው ቃል በየምግብ ቤቱ የሚባል ነው፤ ሰምተነው እናልፋለን። ኮረም ላይ የሰማ ሰው ግን ምሳውን በአራት ቃል መዝለል አይችልም። ልጁ እዚህ ተቀምጦ ይህን ሰምቶ እንዴት ዘለለው? ቁጣዬ ተመልሶ መጣ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ አስጠራሁት። የሂስ መምህር ሆኜ ጀመርኩ። ደብረ ብርሃንን፣ የደብረ ሲናዋን ልጅ፣ የሼሁን ቀልድ ሁሉ ተረክሁለት። የራሴንም ገጽ ገልጬ አሳየሁት፤ መጋረጃውንም ነገርኩት። ኮረም ላይ ስደርስ «እስቲ ንገረኝ፣ ኮረም ምን በላህ?» አልኩት።

ልጁ ደብተሩን ሲያገላብጥ ቆየና «ጋሼ፣ እኔ እኮ አልበላሁም» አለኝ።

«እንዴት?»

«ከመሳፈሪያ የተረፈኝ ገንዘብ ትንሽ ነበረ። ሌሎቹ ሲወርዱ እኔ ዕቃ እጠብቃለሁ እያልኩ አውቶቡስ ውስጥ እቀር ነበር። እዚያ ያሉት ቁርሶች፣ ምሳዎች፣ ሁሉም አልተበሉም። እንዲህ ሲጻፍ ስላየሁ ጻፍኩት። አልበላሁም ብዬ ልጽፍ ነው?»

ለሁለት ወር ያጠራቀምኩት ሂስ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈረሰ። ስንፍና ያልኩት ስንፍና አልነበረም። ግድ የለሽነት ያልኩት ግድ የለሽነት አልነበረም። «መብላትም መቀጠልም የሚችል ሰው ብቻ ይጽፋታል» ያልኩት ደግሞ የባሰ ስሕተት ሆኖ ተገኘ። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር እኔ በ1977 መብላቴን ሸሸግሁባት፤ እሱ በ2007 አለመብላቱን ሸሸገባት። ሁለታችንንም የያዘን አንድ ነገር ነው፤ ሐፍረት። ደብረ ሲና ላይ «ያስቸግራሉ» ያለውም አሁን ገባኝ። ቆሎ ለመግዛት ቆጥሮ የሚያወጣ ሰው መስኮቱ ሥር የሚጮኸው ሻጭ ሁሉ ያስቸግረዋል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልለው የፈለግሁት ይኸው ነው። የጉዞ ጽሑፋችን የሚጎድለው የምግብ ዝርዝር አይደለም። የወጥ ዓይነት መደርደር የሆቴል ሥራ ነው፤ እንዲህ ያለ መደዳ ዝርዝር ከመጣብን ከመጋረጃው የባሰ ይሆንብናል። የሚጎድለው በማዕዱ ዙሪያ ማን እንደተቀመጠ፣ ማን እንደቆመ፣ ማን አውቶቡስ ውስጥ እንደቀረ መናገር ነው። ተራራ ለሁሉም እኩል ይታያል፤ ባለጠጋውም ድሃውም ጣርማ በር ላይ የሚያየው አንድ ገደል ነው። ሰው ከሰው የሚለይበት ረዳቱ «ለምሳ ሠላሳ ደቂቃ!» ብሎ ሲጮኽ ነው። ጸሐፊ መንቃት ያለበት እዚያ ሰዓት ላይ ነው፤ እኛ ግን የምናንቀላፋው እዚያው ላይ ነው።

መዝገቡ የሚያስፈልግበት ሌላም ምክንያት አለ። ከዚያ ጉዞ ወዲህ ይህ መንገድ ብዙ አይቷል። አጣዬ በ2013 ዓ.ም. ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. መባቻ ላይ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ይዞ እስከ ሸዋ ሮቢት ወርዶ ነበር። ዛሬ ማንም ሰው እንደዚያን ጊዜ ደብተር ይዞ ደስ ሲለው የሚሳፈርበት መንገድ አይደለም። ጎዳናው ሲበላሽ ይጠገናል፤ ሕንጻም ይሠራል። ሰንበቴ ላይ አገዳ ሰብሮ ያደለው ሰውና ያደላቸው ሰዎች ግን ምን ተቋድሰው እንደነበር ካልተጻፈ፣ አንድ አውቶቡስ ውስጥ እንዲያ ተቀምጠን እንደነበር የሚያምነን አይገኝም። እንደ ብሩስ ቀጣፊ እንባላለን።

ልጁ ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመልሶ መጣ። ደብተሩን አልለወጠውም፤ ሰባቱን ዓረፍተ ነገሮች ብቻ አውጥቶ በቦታቸው የሆነውን ጽፏል። የኮረሙ እንዲህ ሆኗል፤ «ኮረም ደረስን። ሌሎቹ ለምሳ ወረዱ። እኔ ከደብረ ሲና የገዛሁትን ቆሎ የመጨረሻ ዘገን አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ጨረስኩ።» እርሳሴን አንሥቼ የምሰርዘው ፈለግሁ፤ አጣሁ። ከዚያ ሻይ አስቀረብኩለት፤ ዳቦም አብሮ እንዲቀርብ ነገርኩ። በዚህኛው ቀን ጨርሶ ሄደ።

እስቲ አንባቢም በቤቱ አሮጌ የጉዞ ደብተር ካለው ያውጣው። ምሳ በልተው ጉዞ የቀጠሉበትን ገጽ ይፈልግ። ያን ቀን ምን እንደበላ፣ ወይም ለምን እንዳልበላ ያስታውስ እንደሆነ ራሱን ይጠይቅ። እኔ የኮምቦልቻውን ገጽ ገና አሁን መጻፌ ነው።